ከቀለም ሥር

ባለፈው ሰሞን እሑድ ከልደታ ማርያም ቅዳሴ ስወጣ፣ አብነት ላይ የቀለምና የሚስማር ሱቅ ያላት ሴት በሩ ላይ አገኘችኝና፣ "ጋሽ ወልዴ አረፉ አሉ፤ ሰማህ?" አለችኝ። አልሰማሁም ነበር። እሷ ከንፈሯን መጥጣ አለፈች፤ እኔ ከቅጥሩ ጥግ ቆሜ ቀረሁ። ስልኬን አውጥቼ ቡታጅራ፣ ልጃቸው ቤት ደወልኩ። አምስት ጊዜ ጠራ። ያነሱት ራሳቸው ነበሩ።

"አቤት፤ ማን ልበል?"

"ሙሉጌታ ነኝ፣ ጋሽ ወልዴ። ደህና ነዎት?"

"እግዜር ይመስገን። ምነው ታለከልካለህ? ደረጃ እየወጣህ ነው?"

"አይ... አርፈዋል ብለውኝ ነው።"

ሳቁ። የሳቃቸው መጨረሻ ሁልጊዜ ሳል ነው።

"ባለ ሱቋ ናት?"

"እሷ ናት።"

"እሷማ ባለፈው ፋሲካም ቀብራኝ ነበር። ስማ ሙሌ፣ ስሞት ልጄ ትደውልልሃለች። ከሌላ ሰው አትስማ።"

ስልኩን ስዘጋ እየሳቅሁ ነበር። ቤቴ ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። ስለ አንድ ሰው መልካም ነገር ለመናገር ለቅሶ ቤት እስክንቀመጥ መጠበቅ ልማዳችን ነው። እኔ ግን እሳቸው በሕይወት እያሉ፣ ብሳሳት ደውለው ሊያርሙኝ በሚችሉበት ጊዜ መጻፉን መረጥኩ።

ጋሽ ወልዴ ብረት በያጅ ነበሩ። ዓይናቸው ደክሞ ሥራ ቤቱን ዘግተው ልጃቸው ዘንድ ከሄዱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ሥራ ቤታቸው ከአብነት መንገድ ገባ ብሎ፣ ከአንድ ወፍጮ ቤት አጠገብ፣ ከአንድ ጎማ ጠጋኝ ፊት ለፊት ነበር። አጭር ሰው ናቸው። የግራ ቅንድባቸው እኩሌታ የለም፤ የብየዳ ብልጭታ በልቶት ዳግመኛ አልበቀለም። ቱታቸው ብልጭታ እየበሳው ወንፊት ሆኗል፤ ከሥሩ ግን ሁልጊዜ የተተኮሰ ሸሚዝ ይለብሳሉ። "ቱታው ለብረቱ፣ ሸሚዙ ለደንበኛው" ይላሉ።

ከእሳቸው ጋር አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። ብየዳ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ስልክ ላይ ቪዲዮ እያየሁና የተጣለ ቁርጥራጭ ብረት እያያያዝኩ ነው የለመድኩት። ሥራ ልጠይቅ ስሄድ ራሴ የበየድኩትን የወንበር እግር ይዤ ነበር። ተቀብለው አገላበጡት፤ ጥፍራቸውን በብየዳው ላይ ጎተቱ።

"ማን አሳየህ?"

"ማንም።"

"ያስታውቃል። የሌላ ሰው መጥፎ ልማድ የለበትም። ያለበት የራስህ ብቻ ነው።"

ሰኞ ሥራ ጀመርኩ።

በእኛ ሰፈር ባለሙያ ሁሉ የሚኖርባት አንዲት ቃል አለች፤ "ነገ" የምትባል። ልብስ ሰፊውም፣ አናጢውም፣ ብረት ሠሪውም "ነገ ና" ይላል። ደንበኛውም ነገ የተባለው ነገ እንዳልሆነ እያወቀ "እሺ" ብሎ ይሄዳል። ጋሽ ወልዴ ይህችን ቃል የሚናገሯት በእርግጥ ነገ ሲሆን ብቻ ነው። አንድ ቀን አንዲት ሴት ለልጇ ሠርግ የግቢ በር ልታሠራ መጣች።

"ለሐሙስ ይደርሳል?"

"አይደርስም።"

"እሺ፣ ለዓርብ?"

"የሚደርሰው ለሚቀጥለው ረቡዕ ነው፣ እትዬ።"

"ኧረ ጋሼ! ለአፍዎ እንኳ 'እሞክራለሁ' ይበሉኝ!"

"እሞክራለሁ ብልዎት ሐሙስ መጥተው ያለቅሳሉ። ዛሬ ቢያዝኑ ይሻላል።"

ሴትዮዋ እያጉተመተመች ወጣች። ጎማ ጠጋኙ ከማዶ ሆኖ፣ "ጋሽ ወልዴ! እንደዚህ ከሆነ እዚህ ቤት ደንበኛ ሳይሆን መናኝ ነው የሚሰበሰበው!" ብሎ ጮኸ። በኋላ ስንሰማ፣ ሴትዮዋ "ነገ" የሚላት ሌላ ሰው አግኝታ ኖሮ፣ ሠርጉ ያለፈው በሩ ቦታ ላይ ሸራ ተጋርዶ ነው። ይህን ለጋሽ ወልዴ ስነግራቸው ይደሰታሉ ብዬ ነበር። "ምስኪን" አሉ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ከጉራጌ አገር ከመጣ የካቶሊክ ቤተሰብ ናቸው። እሑድ እሳቸው ወደ እነሱ ቤተ ክርስቲያን፣ እኔ ወደ ልደታ ማርያም እንሄዳለን፤ ሰኞ ጠዋት "የእናንተ ቄስ ምን አስተማሩ?" ተባብለን እንጠያየቃለን። ባጭሩ ያስተማረው ቄስ የዚያን ሳምንት አሸናፊ ነው። እሳቸው ራሳቸው ስለ ሃይማኖት ብዙ አይናገሩም። የብየዳ ማሽኑን ከማብራታቸው በፊት ያማትባሉ፤ በቃ። አንድ ጊዜ ግን፣ ዝናብ ሥራ አስቁሞን በር ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ የማልረሳውን ነገር ነገሩኝ።

"ጌታችን ሳያስተምር በፊት ስንት ዓመት አናጢ ነበር?"

"ብዙ ዓመት።"

"ብዙ ዓመት። እስቲ አስበው፤ የሠራው ወንበር አንድ ሽማግሌ ላይ ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ፣ በኋላ ተራራ ላይ ወጥቶ ሲናገር የዚያ ሰፈር ሰው ይሰማው ነበር? 'ወንበሩን መጀመሪያ!' ይሉት ነበር።"

ይህን ብለው ዝናቡን ማየት ቀጠሉ።

አንድ ጥብቅ ደንብ ነበራቸው። ብየዳ ባለቀበት ቀን ቀለም አይቀባም። "ዛሬ እርቃኑን ይደር" ይላሉ። በሥራችን ስቱኮ የሚባል መሸፈኛ አለ፤ እንደ ሊጥ ያለ ነገር ነው። የብየዳውን ሸካራና ጉድጓድ ይሞላል፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ ከላዩ ቀለም ሲቀባ ጥሩውም መጥፎውም ብየዳ አንድ ዓይነት ይሆናል። ስለዚህ ጋሽ ወልዴ በማግስቱ ደንበኛውን ጠርተው ገና ያልተሸፈነውን ብየዳ ያሳያሉ። አብዛኛው ሰው ምን ማየት እንዳለበት ስለማያውቅ "ቆንጆ ነው፣ ይቀባ" ይላል። እሳቸው ግን ካልነካው አይለቁትም። ሌሎቹ በያጆች ይስቁባቸው ነበር። "ይሳቁ። እግዜር የሚያየው ከቀለም ሥር ነው" ይላሉ።

ይህን ደንብ ያፈረስኩት እኔ ነኝ።

ሐጂ ሸምሱ የሚባሉ ነጋዴ ጌጃ ሰፈር ውስጥ ባለ አራት ፎቅ የኪራይ ቤት ሠርተው፣ ከሁለተኛው ፎቅ ወደ ላይ፣ በየፎቁ አራት አራት የሆኑትን የአሥራ ሁለቱን በረንዳዎች መደገፊያ ብረት እንድንሠራ ሰጡን። ከጋሽ ወልዴ ጋር የቆየ ወዳጅነት ነበራቸው። ሥራው አጋማሽ ላይ ጋሽ ወልዴ ወገባቸውን ታመው ተኙ፤ እኔና ቀለም ቀቢው ታምራት ቀረን።

እያንዳንዱ መደገፊያ ስድስት እግር አለው። መጀመሪያ እግሮቹን ሲሚንቶው ውስጥ ከተቀበረው ብረት ጋር በነጥብ ብቻ እናያይዛለን፤ ነጥቧ የምስር ፍሬ ታክላለች። ቀጥ ማለቱን በውሃ ልክ ካረጋገጥን በኋላ ነው ዙሪያውን ሙሉ በሙሉ የምንበይደው። እኔ ደግሞ የራሴ ልማድ ነበረኝ። ለአንድ በረንዳ ሙሉ ብየዳ የሚበቃውን ኤሌክትሮድ፣ እየቀለጠ ብረቱን የሚያያይዘውን ቀጭን ዘንግ፣ ጠዋት ጠዋት በቀጭን ሽቦ እያሰርኩ ቦርሳዬ ውስጥ እደረድራለሁ። ለአንድ በረንዳ አንድ እስር።

በመጨረሻው ቀን ተከራዮቹ ዕቃቸውን ጭነው በር ላይ ቆመው ነበር። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ደግሞ ይሄዳል። እኔም አንዱ ፎቅ ላይ የጀመርኩትን ትቼ ሌላው ላይ እጠራለሁ። ሐጂ ከታች "ጨረሳችሁ?" ይላሉ። ታምራት ስቱኮውን ይዞ ከኋላ ከኋላዬ ይከተላል።

"ሙሌ፣ 'እርቃኑን ይደር' የምትሏትን ነገር ዛሬ ተዋት። ሽማግሌውም የሉ" አለኝ።

"እሺ፣ ቅባው" አልኩት። ማንም አላስገደደኝም። አሥር ሰዓት ሲሆን አሥራ ሁለቱም መደገፊያዎች ጥቁር ቀለም ተቀብተው ያብረቀርቁ ነበር። ከታች ቆሜ ሳያቸው ኮራሁ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ቦርሳዬን ላጸዳ ገለበጥኩት። ከሥሩ አንድ እስር ዱብ አለ። ሽቦው አልተፈታም።

ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። አንደኛውን በረንዳ በነጥብ ብቻ አቁሜ ረስቼዋለሁ፤ ታምራት ደግሞ ያለቀ መስሎት ሸፍኖታል። የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ቀለሙ ሁሉንም አንድ አድርጓቸዋል። ቤቶቹም በሙሉ ሰው ገብቶባቸዋል።

ለታምራት ደወልኩ። "ጀለሴ፣ ነጥቡም እኮ ብረት ነው፤ ይይዛል" አለኝ። "ደግሞ ማን ያያል? ሰሞኑን በሆነ ሰበብ ገባ ብለን እናየዋለን።" ይህን መስማት ፈልጌ ነበርና ስልኩን ዘጋሁ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ፣ ያ እስር ትርፍ ይሁንልኝ ብዬ ለመንኩ። ትርፍ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ፤ ያሰርኩት እኔ ነኝ።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ወልዴ ወገባቸውን በሻሽ አስረው ወደ ሥራ ተመለሱ። እስሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

"መቼ ነው ያወቅኸው?"

"ቅዳሜ።"

"ዛሬ ሰኞ ነው።"

"ትናንት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ..."

"ለእግዜር ነገርከው።"

"አዎ።"

"ጥሩ አድርገሃል። ችግሩ፣ እግዜር በረንዳው ላይ አይደገፍም።"

አልጮኹም። መዶሻና መሮ በፌስታል ጨምረው ወጡ። ተከተልኳቸው። መንገድ ላይ ሳስብ የነበረውን ተናገርኩ። ሐጂ ሁለተኛ ሕንፃ ሊጀምሩ ነበር፤ ያንንም ሥራ ለእኛ እንደሚሰጡን ቃል ገብተውልናል።

"ጋሽ ወልዴ፣ 'ለምርመራ ነው የመጣነው' ብለን ብንገባስ? አግኝተን እንበይደዋለን። ሰውስ ለምን ይደነግጣል?"

ወገባቸውን ይዘው ቆሙ።

"እስክናገኘው ሁለት ሰዓት ይፈጅብናል። 'ምርመራ' ያልከው ሰው በዚያ ሁለት ሰዓት ምን ሲያደርግ ይቆያል? በረንዳው ላይ ወጥቶ፣ ተደግፎ ሥራህን ያያል። የማይደገፈው እውነቱን የሰማ ብቻ ነው።"

መንገዱን ቀጠልን። ሐጂ ሸምሱን ከሕንፃው በር ላይ አገኘናቸው።

"ሸምሱ፣ ያስረከብኩህ ሥራ ጉድለት አለው" አሉ ጋሽ ወልዴ፣ ሰላምታውን ገና ሳይጨርሱ። "አንዱ በረንዳ አልተበየደም። ሰው ሊወድቅ ይችላል።"

"የቱ?"

"አላውቅም።"

"አላውቅም ማለት ምን ማለት ነው?"

"ተሸፍኗል። አላውቅም።"

"አንተ ነህ፣ ወልዴ፣ ያልተበየደ ብረት የምታስረክበኝ? አንተ?"

"ሥራ ቤቱ የኔ ነው።"

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። "እኔ ነኝ ሐጂ" አልኩ። "እሳቸው ታመው ነበር። ያልበየድኩትም ያስቀባሁትም እኔ ነኝ።"

ሐጂ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አዩ። ፊታቸው ቀላ። "ሁለተኛውን ሕንፃ እርሳው!" አሉ ለጋሽ ወልዴ። "ሰማኸኝ? እርሳው!"

"ሰምቻለሁ። አሁን በሮቹን አስከፍትልን።"

ሐጂ እየተቆጡም ቢሆን ደረጃውን ከእኛ ቀድመው ነው የወጡት። በየበሩ እየደበደቡ፣ "ከበረንዳ ግቡ! ማንም እንዳይደገፍ! ብረቱ አልተበየደም!" ይላሉ። አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ወጣት እናት መደገፊያው ላይ ብርድ ልብስ አስጥታ፣ ደረቷን አስደግፋ ስታራግፍ ደረስን። ሐጂ ሲጮኹ ብርድ ልብሱን ለቀቀችው፤ ታች መንገድ ላይ ወደቀ። ያ ብርድ ልብስ ሲወርድ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ጋሽ ወልዴ በአንድ ጉልበታቸው ተንበርክከው እያንዳንዱን እግር በመዶሻ መታ ያደርጉና ያዳምጣሉ። በሙሉ የተበየደ እግር ጥርት ያለ ድምፅ አለው። የእናትየዋ በረንዳ ደህና ነበር። ከአራተኛው ወደ ሦስተኛው፣ ከሦስተኛው ወደ ሁለተኛው ወረድን። ወገባቸው እያመማቸው በየበረንዳው መንበርከካቸውን ሳይ፣ "ልምታ፣ እርስዎ ያዳምጡ" አልኳቸው። "አንተ ማዳመጥ ልመድ" አሉኝ።

አሥረኛው ቤት የአቶ መኮንን ነበር። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ሰፊ፣ ከባድ ሰው። የሐጂን ጩኸት ሰምተው ከበረንዳው ገብተዋል፤ ተቀይመው ግን በሩ ሥር ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል።

"ሳምንቱን ሙሉ ሆዴን እዚያ ላይ ጥዬ ነው መንገዱን የማየው" አሉ። "ምንም አልሆነም። ዝም ብላችሁ ነው የምታሸብሩን።"

ጋሽ ወልዴ የመጀመሪያውን እግር መቱ። ድምፁ የታፈነ ነበር። ለማዳመጥ አዲስ የሆንኩት እኔም ለየሁት። ሁለተኛውን መቱ፤ እንደዚያው። መሮውን አንስተው ስቱኮውን ፈነቀሉት፤ እንደ ደረቀ ቂጣ ተሰብሮ ወደቀ። ከሥሩ አንዲት ነጥብ ታየች፤ መሀሏ ተሰንጥቋል። ሁለት ሌሎች እግሮችም ላይ ነጥቦቹ ተሰንጥቀው ነበር። ጋሽ ወልዴ መዳፋቸውን አስደግፈው በቀስታ ገፋ አደረጉት። መደገፊያው አንድ ጣት ያህል ወደ ውጭ ሄደ።

 አቶ መኮንን ሆዳቸውን አዩ፤ ከዚያ አንገታቸውን ሰግገው ታች መንገዱን አዩ።

"እኔ እኮ መቶ ኪሎ ነኝ" አሉ በቀጭን ድምፅ።

ሐጂ "አልሐምዱሊላህ" አሉ፤ ጋሽ ወልዴ አማተቡ። እኔ እዚያው ተቀመጥኩ።  ማንም አልወደቀም። ማንም አልወደቀም። ማልቀስ ጀምሬ ነበር መሰለኝ፤ ጋሽ ወልዴ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

"ተነስ። ማሽኑን አምጣ። እምባ ብረት አያያይዝም።"

ያንን እስር ፈትቼ ስድስቱንም እግሮች ዙሪያቸውን በየድኩ። የቀሩት ሁለት በረንዳዎች ደህና ነበሩ። ጋሽ ወልዴ ግን በዚህ አልበቃቸውም፤ የአሥራ ሁለቱም ስቱኮ ይነሳ አሉ። ሦስት ቀን ፈጀብን። ታምራት አኩርፎም ቢሆን መጣ። "ሰው የቀባውን ራሱ ሲፍቅ እኔ የመጀመሪያው ነኝ" እያለ ፋቀ።

ሐጂ ያሉትን አደረጉ፤ ሁለተኛውን ሕንፃ ለሌላ ሰጡት። ጋሽ ወልዴ ይህን አንስተው ወቅሰውኝ አያውቁም። አንድ ቀን ግን ራሴ ጠየቅኋቸው።

"ያ ሥራ ይቆጭዎታል?"

"ይቆጨኛል እንጂ! ትልቅ ሥራ ነበር። ግን ቁጭት ሰው አይገድልም።"

"እርስዎስ እንደኔ አድርገው ያውቃሉ?"

የብየዳ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። "ሦስት ጊዜ" አሉ። "ሁለቱን ሄጄ አስተካክያለሁ። ሦስተኛውን፣ አንድ የግቢ በር፣ ለማስተካከል ስሄድ ቤቱ ፈርሶ ሰዎቹ ሄደዋል። እስከ ዛሬ ያ በር የት እንደቆመ አላውቅም።" ከዚያ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ሰው "ጻድቅ ነዎት" ሲላቸው ሁልጊዜ ይቆጡ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

ከሁሉ በላይ የማስታውሰው ግን የአራተኛውን ቀን ጠዋት ነው። ሁሉም ብየዳዎች እርቃናቸውን አድረው፣ ተከራዮቹ እንዲያዩአቸው በየቤቱ ዞርን። አቶ መኮንን በረንዳቸው በር ላይ ቆመው ጠበቁን። በእነዚያ ቀናት ወደ ውጭ አንድ እርምጃ አልወጡም ነበር። ጎንበስ ብለው ስድስቱንም እግሮች አንድ በአንድ በጣታቸው ዳበሷቸው። ቀና ሲሉ ግን ፍርሃቱ ከፊታቸው አልሄደም።

ጋሽ ወልዴ ወደ እኔ ዞረው፣ "መጀመሪያ አንተ" አሉኝ።

ደረቴን ብረቱ ላይ ጣልኩ። እግሬን ከመሬት አነሳሁ። ሁለተኛ ፎቅ ከታች የሚታየውን ያህል ዝቅ ያለ አይደለም። ከሥሬ ሰዎች ሲያልፉ፣ ታክሲ ሲቆም አየሁ። ያለሁበት ብረት ራሴ የበየድኩት ነበር፤ ምን እንዳለበትም ከሥሩ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ስወርድ አቶ መኮንን አሁንም ጋሽ ወልዴን እያዩ ነበር።

"አሁንስ?" አሏቸው።

"አሁን ይደገፉ።"

መጀመሪያ አንድ እጃቸውን አሳረፉ። ከዚያ ሁለቱን ክርኖቻቸውን። ትንሽ ጠብቀው፣ በረጅሙ ተነፈሱና መላ ሰውነታቸውን ጣሉበት። ብረቱ ምንም ድምፅ አላሰማም። አቶ መኮንን ወደ መንገዱ አንገታቸውን አስረዝመው፣ ተሳፋሪ ለሚጠራው የታክሲ ረዳት፣ "አንተ! በሩን ዝጋ እንጂ፣ ሰው ይወድቅብሃል!" ብለው በሹፌርነት ድምፃቸው ጮኹ።